ከዘሩ በፊት ሶኬቱ፦ በጎንደር ቤት ውስጥ በመብራት ችግኝ ለሚያፈላ ሰው

የጎንደርን ፀሐይ የሚያህል አምፖል የለም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግቢ፣ በረንዳ ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው ሰው ቃሪያ ለማብቀል መብራት ቢገዛ ገንዘቡን መበተኑ ነው። መብራት የሚጠቅመው ለሌላ ሰው ነው፤ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወይም በፒያሳ ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር፣ ወይም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ተዘግቶ፣ በረዶው ደጅ የተቀመጠውን እየቀጠቀጠ፣ ለመስከረም መጨረሻ የሚተከል የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ማድረስ ለሚፈልግ። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ግማሹ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ ምክንያቱም ቲማቲም ለስሕተት ይቅር ባይ ነው፣ እርጥብ ወለል ላይ የተጣለ ማካፈያ ግን አይደለም።

በመብራት ማሳደግን የሚያስተምሩት የውጭ ምክሮች አብዛኞቹ ካናቢስ በቤት ማብቀል ከተፈቀደባቸው አገሮች የሚመጡ ናቸው። በካናዳ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አንድ ቤት እስከ አራት እግር ማብቀል ይችላል። በእኛ አገር ይህ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስከስስ ነው፤ እዚህ የማወራው ስለ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና በሶብላ ብቻ ነው። ዘዴው ግን አንድ ስለሆነ ሰዎች ምክሩን እንዳለ ይቀዳሉ፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። በሰሜን አሜሪካ የግድግዳው ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። 600 ዋት የሚስብ መብራት እዚያ 5 አምፔር ሲወስድ እዚህ 2.7 ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ በአምፔር የተነገረ ምክር አትቅዱ፤ በዋት አስቡ። ከዘመድ ሻንጣ የወጣ መብራት ካላችሁም ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በተሰካበት ቅጽበት ያበቃለታል።

አንደኛ፦ መስመሩን ማወቅ

መደርደሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ልትጠቀሙበት ያሰባችሁት ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደሚመጣ እወቁ። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አጥፉ፤ ስልኩ መሞላት ሲያቆም መስመሩ ተገኘ። ከዚያ በዚያው ብሬከር ሥር ሌላ ምን እንዳለ በወረቀት ጻፉ። በቆዩ የኪራይ ቤቶች ሳሎኑም ማድ ቤቱም በአንድ መስመር ላይ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። የሶኬት መስመር በአብዛኛው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ነው የሚሠራው። ምጣዱ ብቻውን መስመሩን ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላዋል። በዚያው ላይ መብራት፣ ማራገቢያና ካውያ ከተጨመረ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይም ደግሞ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያለ ይግላል። ችግኙ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ አይሁን። ሌላ አማራጭ ከሌለ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መብራቱ ይጥፋ፤ ችግኝ ለሁለት ሰዓት ጨለማ አይሞትም።

ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወደቀብኝ ብሎ 16ቱን በ25 ወይም በ32 የሚያስቀይር ሰው አለ። ከዚህ የከፋ ጥገና አላውቅም። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፤ ብሬከሩን አሳድጎ ሽቦውን እንዳለ መተው ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት መተው ነው። ለመብራት ተብሎ የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ደግሞ 10 አምፔር ነው ልኩ፤ ከአምፖል መስመር ሶኬት አታስወጡ።

ሁለተኛ፦ ግራውንዱ በእርግጥ አለ?

ሶኬቱ ጎንና ጎን የብረት ምላስ ስላለው ብቻ ግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ አለው ማለት አይደለም። ከምላሱ ጀርባ ምንም ሽቦ ያልታሰረበት ሶኬት በየቤቱ አለ። ቴስተር የምንለው ጠመንዣ መፍቻም ይህን አይነግራችሁም፤ እርሱ የሚያሳየው ፌዙ፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ፣ የት እንዳለ ብቻ ነው። የግራውንድ መኖርና አለመኖር የሚረጋገጠው በባለሙያ መለኪያ ስለሆነ ለዚህ አንድ ጊዜ ገንዘብ አውጡ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራያችሁን ጋሼ ወይም እትዬ ብላችሁ አማክሩ፤ ለቤቱ የሚቀር ሥራ ስለሆነ ወጪውን የሚጋሩ አሉ።

ሦስት ነገር እንዲሠራላችሁ አትፍቀዱ። አንደኛው ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው፤ ቧንቧው መሐል ላይ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ብልሽት ሲደርስ የጎረቤቱ ቧንቧ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሁለተኛው ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከግራውንዱ ምላስ ጋር ማገናኘት ነው። መለኪያ ላይ ሲታይ የተስተካከለ ይመስላል፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተበጠሰ ዕለት ግን የመብራታችሁ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ሦስተኛው ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር መነካካት ነው። እርሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የእናንተ ሥራ ከቆጣሪው በኋላ ይጀምራል።

የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ ግራውንድ ደግሞ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ይደክማል። ክረምት ላይ ተለክቶ ጥሩ የተባለ፣ መጋቢት ላይ ያው ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሰውን የሚያድነው መሣሪያ

ብሬከር ሰው አያድንም። 10 አምፔር ብሬከር እስኪወድቅ ድረስ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ልብን ለማቆም ከሚበቃው ከ300 ጊዜ በላይ ነው። ለሰው የተሠራው አርሲሲቢ የሚባለው መሣሪያ ነው። በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ያወዳድራል፤ የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ካየ፣ ያ ጅረት በሰው አካል ወይም በውሃ በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ብሎ በዓይን ጥቅሻ ይቆርጣል። ስትገዙ ፊቱ ላይ 30 ሚሊ አምፔር መሆኑን አንብቡ፤ 100 እና 300 የሚሉትም አሉ፣ እነርሱ ለእሳት መከላከያ እንጂ ለሰው አይደሉም።

ግራውንድ በሌለበት ቤትም አርሲሲቢ ይሠራል። ልዩነቱ ግራውንድ ካለ ብልሽቱ በተፈጠረበት ቅጽበት ይቆርጣል፤ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው። ያም ቢሆን ምንም ከሌለው ይሻላል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ። ተጭናችሁ ካልወደቀ አስቀይሩት።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ ለአርሲሲቢ የሚሆን ገንዘብ ካልተረፈ መብራቱ ይቆይ።

አራተኛ፦ መብራት መምረጥ

ኤልኢዲ ግዙ። ሐምራዊ የሚያበራ መሆን የለበትም፤ ለችግኝ ነጭ ብርሃን፣ ካርቶኑ ላይ ከ4000 እስከ 6500 ኬልቪን የሚል፣ በደንብ ይበቃል። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የምትገዙት ተራ የኤልኢዲ ዘንግም ይሠራል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መደርደሪያ በትክክል ከ40 እስከ 60 ዋት የሚስብ መብራት በቂ ነው። በትክክል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የሚል፣ ከግድግዳው ግን 100 ገደማ ብቻ የሚስብ መብራት ገበያ ላይ ሞልቷል። ጀርባው ላይ በትንሹ የተጻፈችውን ቁጥር እመኑ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ 50 ዋት በቀን 16 ሰዓት ሲበራ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከታሪፉ የመጀመሪያ እርከን፣ ከ50ው ኪሎዋት ሰዓት፣ ግማሽ አይሞላም። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ግን ይህችኑ ቁጥር ለጎረቤቶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በቆጣሪ የሚመጣ ጠብ ቶሎ አይበርድም።

ከመንገድ መብራት የወረደ ያገለገለ የሶዲየም አምፖል በርካሽ ከተገኘ አትፈተኑ። ለማስነሳት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል፣ መስታወቱ ወረቀት የሚያነድ ሙቀት አለው፣ የውሃ ጠብታ ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል፣ ውስጡም ሜርኩሪ አለ።

አምስተኛ፦ መስቀልና መዘርጋት

መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረበት ከሆነ መብራቱን እዚያ አትስቀሉ፤ ሽቦም በላዩ አታሳልፉ። መብራቱ የራሱ እግር ካለው ብረት ወይም እንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ገመዱን ሳይሆን አካሉን በሚይዝ ሰንሰለት ይንጠልጠል። ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚያስፈልግ ሰንሰለት ከሲባጎ ይሻላል።

ከዚያ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ አስቡ። ውሃ ወደ ታች ይሄዳል፤ ስለዚህ ማንኛውም ግንኙነት፣ ሶኬት፣ ማካፈያ፣ የመብራቱ ኃይል ሰጪ ሣጥን፣ ከችግኙ ትሪ በላይና ወደ ጎን ይሁን። ማካፈያ ወለል ላይ አይተኛም፤ ግድግዳ ላይ በወገብ ቁመት ይመታ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ይውጣ። በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ጠብታ ረገብ ያለው ቦታ ሲደርስ ወደ ወለል ይወድቃል፣ ወደ ሶኬቱ አይሄድም። ነፃ ነው፤ ግን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

ማካፈያ በማካፈያ ላይ አትቀጥሉ። ጥቅል ገመድ ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው ፍቱት፤ ተጠቅልሎ ከባድ ዕቃ ሲሸከም ራሱን ያግላል። ሽቦ ላጥ ላጥ አድርጎ በፕላስተር መጠቅለልም መቀጠል አይባልም።

ብርሃኑን ለመመለስ የአሉሚኒየም ፎይል ዙሪያውን የሚለጥፉ አሉ። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንድ የተላጠ ሽቦ ቢነካው ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ያዘ ማለት ነው። ግድግዳውን ኖራ ቀቡት፣ ወይም ነጭ ወረቀት ለጥፉ።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ መብራቱን አብርታችሁ አንድ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ መሰኪያዎቹን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ለብ ማለት የሚያሳስብ አይደለም፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ የሶኬቱ ፊት ቡናማ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

አደጋ ከደረሰ፦ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ። ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው አርቁ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ ሌላ ሰው መኪና ይፈልግ። ደኅና ነኝ ብሎ ቢነሳም የልቡ ምት እንዲታይ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ፤ የልብ መዛባት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ለእሳት ደግሞ ኃይሉ ሳይቋረጥ ውሃ አትድፉ። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ በሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ደረቅ ዱቄት የሚረጭ ማጥፊያ ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

ስድስተኛ፦ ሰዓቱና የመብራት መጥፋት

ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለሰላጣ ችግኝ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ስጡ። 24 ሰዓት ማብራት ጥቅም የለውም፤ ቲማቲም ያለ ሌሊት ከዋለ ቅጠሉ ይገረጣል። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ስትሞሉ የሰሌዳው አቆጣጠር የእኛ አለመሆኑን አትርሱ፤ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት እዚያ 6 ነው፣ ምሽት 4 ሰዓት ደግሞ 22። እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፣ ከጠዋት 12 እስከ ምሽት 4። በሌሊት ማብራት ቮልቴጁ የተረጋጋ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን እሳት ቢነሳ የቤቱ ሰው ነቅቶ ቢያገኘው እመርጣለሁ።

መብራት ሲጠፋ የሚዞረው ታይመር አብሮ ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በየጊዜው አስተካክሉት ወይም ባትሪ ያለውን ግዙ። ለመብራቱ የሚያሰጋው መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። እንደጠፋ ንቀሉት፤ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ኃይል ሰጪ ያለው መብራት ከፍ ዝቅ ማለቱን በደንብ ይችላል። በጨለማው ሰዓት ሻማ ወይም ኩራዝ በላስቲክ ከተሸፈነ ችግኝ አጠገብ አታስቀምጡ። አንድ ሙሉ ቀን ቢጠፋም ችግኙ ይተርፋል፤ ብቻ ያን ቀን ውሃ አታጠጡት።

ሰባተኛ፦ አፈርና ዘር

ከደምቢያ ሜዳ የሚመጣው ዋልካ አፈር ለጤፍና ለሽንብራ የተመሰገነ ነው፤ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ግን ሲረጥብ ይታፈናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ልል አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የታጠበ አሸዋ ቀላቅሉ። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ የችግኝ አንገት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ይቀንሳል። ዕቃው ለሁለት የተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ ቢሆን ይበቃል፣ ግን ሥሩ ይበሳ፣ ከበታቹም ውሃ የሚይዝ ትሪ ይኑር።

ቲማቲምና ቃሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ጠልቀው ይዘሩ። ከቲማቲም መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ፣ ከበርበሬ ማረቆ ፋና በአገራችን የታወቁ ዝርያዎች ናቸው። ሰላጣ ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ ላይ ላዩን ተበትኖ አፈር በስሱ ይነስነስበት። ቲማቲም በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ ቃሪያ ሙቀት ስለሚፈልግ በጎንደር ክረምት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። እንዲሞቀው የቃሪያውን ትሪ ማቀዝቀዣ አናት ላይ አስቀምጡት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። እርጥብ ትሪ በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ አይቀመጥም፤ በላስቲክ ሸፍናችሁ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ዘሩ ብቅ ባለበት ቀን ግን መሸፈኛው ይነሳ፣ መብራቱም ይብራ።

መብራቱ ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ግንዱ ቀጥኖ ከተመዘዘ ዝቅ አድርጉት፤ የላይኛው ቅጠል ከነጣ ወይም ከተጠቀለለ ከፍ አድርጉት። የቅጠሉን ቋንቋ ማየት ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል።

ስምንተኛ፦ ውሃ ማጠጣት

ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ መብራቱ ከሶኬቱ ይነቀላል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ከዚያ ውሃ ይነሳል። በባዶ እግር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ መብራት ማስተካከል የለም።

ውሃውን ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ትሪው ላይ አድርጉና አፈሩ ከታች ይሳበው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ። የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አጠራቅማችሁ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲቀንስ ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት፤ ጀሪካኑ ግን ከሶኬት ሥር አይቀመጥ። የጣሪያ ዝናብም ደኅና ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስታስገቡ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥበት ካለው ገና ነው። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ጠምቶት ሳይሆን ጠግቦ ነው፤ አንገቱ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ አንድ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ያን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ውሃ ቀንሱ፣ ትንሽ ማራገቢያ በስሱ ይንፈስበት። ነፋሱ ግንዱንም ያጠነክረዋል። ክሽክሽ የሚባለውን ትንሽ ተባይ ከቅጠል ሥር ካያችሁ በሳሙና ውሃ አጥቡት፤ ይህንንም መብራቱን ነቅላችሁ።

ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ በ10 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ በሳምንት አንዴ። ጨመር ባደርግ ቶሎ ይደርሳል ማለት ችግኙን ማቃጠል ነው።

ዘጠነኛ፦ ማውጣት

ሰላጣ በሦስት አራት ሳምንት፣ ቲማቲም ከአራት እስከ ስድስት፣ ቃሪያ በሰባት ስምንት ሳምንት ለመተከል ይደርሳል። በመብራት ያደገ ቅጠል ፀሐይ አያውቅም፤ ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀትሯ ፀሐይ ቅጠሉን በአንድ ቀን ነጭ ታደርገዋለች። መጀመሪያ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ጥላ ሥር አውጡት፣ በየቀኑ ጨምሩ፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ሙሉ ቀን ይልመድ። ተከላው ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ይሁን።

ሰላጣና በሶብላ ከቤት ባይወጡም ይሆናል፤ ከውጭ በኩል እየቀነጠሳችሁ መብላት ትችላላችሁ። የቲማቲሙ መደርደሪያ ከተለቀቀ በኋላ ግን መብራቱን ንቀሉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ገመዱን ሳታጥፉ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ የተላጠ ወይም አይጥ የበላው ቦታ እንዳለ በጣታችሁ እያለፋችሁ ፈትሹ። ካለ ገመዱን በሙሉ ቀይሩት፣ ከዚያ ከወለሉ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።